ሳይነገር አይጻፍም

ልጄ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «እማዬ ኢንተርኔት ላይ ሰው ታስታርቅ ነበር» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አጣሁ። ጡረታ በወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ኬክ አስቆረሱኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፤ ከዚያ አንዱ ለንግግር ተነሣና «እትዬ አስናቀች ለረጅም ዓመታት...» ብሎ ቀጥሎ የሚለው ጠፋበት። የሥራዬን ስም አያውቀውም። አልፈረድኩበትም። ስም ሳይወጣለት ነው የጀመርኩት፤ ስም ሲወጣለት ደግሞ እኔ አረጀሁ።

መነሻዬ የጽሕፈት መኪና ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሐል በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻና ውል እጽፍ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተር ተማርኩ፤ ኢንተርኔት ሲመጣም ደንበኞቼን ተከትዬ ገባሁበት። ከውጭ የተመለሰ አንድ መሐንዲስ ሃያ ሁለት አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራይቶ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ የሚጫወትበት ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። ፈጥኖ የሚጽፍ፣ ማንበብም የማይሰለቸው ሰው ሲያፈላልግ እኔን ጠቆሙት። ደሞዙ ከበፊቱ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። ሥራው ሰዎች የሚጽፉትን እያነበቡ መዋል፣ ሲጣሉ መገላገል፣ ስድብ ሲመጣ ማጥፋት ነው። ለአባቴ ብነግራቸው «ታዲያ ለዚህም ይከፈላል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቦሌ ሁሉ ነገሩ በባሕር ዛፍ ርብራብ የታጠረ ነበር። በቢሮው መስኮት የሚታየው ፎቅ በየሳምንቱ አንድ ወለል ይጨምራል፤ አቧራው እኛ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ቤት በምንለው ገጻችን ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር። የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፦ የቢሮ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ በየአገሩ የተበተነ ሰው። አማርኛውን የሚጽፉት በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ያን ማንበብ ራሱ ሙያ ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ ደጃፍ በምንለው ክፍል «ቤቶች» ብሎ ይጽፋል፤ ከውስጥ አንዱ «ይግቡ» እስኪለው ድረስ ሌላ ቦታ አይጽፍም። ይህን ያዘዘ የለም። አንዱ ለቀልድ ጀመረው፣ ሌላው ተከተለ፣ ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመንገደኞች መረጃ መስጫ ላይ ቆመው ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ መሐንዲሱ ለምኖ አመጣቸው። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉት በሁለት ጣት ነበር። ሻንጣው የጠፋበትን፣ አውሮፕላኑ ያመለጠውን፣ ሊቀበለው የመጣው እንግዳ የቀረበትን ሲያረጋጉ ስለኖሩ ግን የተቆጣ ሰው አያስደነግጣቸውም። ጠዋት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ የሚያዩት ደጃፍን ነው። ደጅ የቆመ ሰው እያለ ሌላ ሥራ የለም ይሉ ነበር።

ሌላው አባባላቸው «የተናደደ ሰው መንገድ ሲጠይቁት ይበርዳል» የሚል ነው። መጀመሪያ አልገባኝም። አንድ ቀን ሁለት አባላት በኳስ ተነሥተው ዘር ማንዘር ወደ መቁጠር ደረሱ። ጋሽ ንጉሤ ይበልጥ ለተቆጣው በግል ጽፈው፣ መኪናቸው ክላች እየበላ እንዳስቸገራቸው፣ እሱ ደግሞ መኪና አዋቂ መሆኑን እንደሰሙ ነገሩትና ምን እንደሚሻል ጠየቁት። ሰውዬው ስድቡን አቋርጦ ስለ ክላች ረጅም ጽሑፍ ጻፈላቸው። ሲጨርስ ጠቡን ረስቶታል። ጋሽ ንጉሤ መኪና አልነበራቸውም።

ላጠፋው የተዘጋጀሁትን ጽሑፍ ደግሞ መጀመሪያ በድምፅ ያስነብቡኝ ነበር፤ አንዴ እንደ ጻፈው ሰው፣ አንዴ እንደ ተጻፈበት ሰው ሆኜ። በድምፅ ሲነበብ ስድብ የመሰለው ቀልድ ሆኖ ይገኛል፣ ቀልድ የመሰለውም ስድብ። ጎረቤታችን የነበረው የጥርስ ሐኪም አንድ ቀን ጩኸቴን ሰምቶ በሩን አንኳኩቶ «ሰላም ነው?» ብሎናል።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤቶች በየመንገዱ ተከፈቱ። ወጣቱ በደቂቃ እየከፈለ መግባት ጀመረ። «ቤቶች» የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ዘው ብሎ መሐል ይቆማል። አንድ ነገር ይጠይቅና መልሱን ሳያይ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ያንኑ ይጠይቃል። ነባሮቹ ተንጨረጨሩ፤ እኔም አብሬ ተንጨረጨርኩ። እነዚህን ልጆች ያሳደጋቸው የለም እንዴ ብዬ ለጋሽ ንጉሤ ባማርር፣ ተነሺና አንድ ሳምንት ኢምፔሪያል አካባቢ ካለው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠሽ ሥሪ አሉኝ። ቅጣት መስሎኝ ነበር።

እዚያ የፊደል ቁልፎቹ ግማሾቹ ካልደበደቧቸው አይሠሩም። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ተረኛው ከጀርባዬ ቆሞ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሰዓትሽ እያለቀ ነው ይለኛል። በሌላ ስም ተመዝግቤ ደጃፍ ላይ «ቤቶች» ብዬ ጻፍኩና መልስ ስጠብቅ ሰዓቴ አለቀ። ለካ እነዚያ ልጆች ሥርዓት ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ሥርዓቱ እነሱ ለሌላቸው ጊዜ የተሠራ ነበር። ይህን ለጋሽ ንጉሤ ስነግራቸው ሳቁና፣ ከእንግዲህ አዲስ ሰው ሳይጠብቅ ይግባ፣ «ይግቡ» የሚለው ግን ይጻፍለት፤ ሌላ ቀን ሲመጣ ያገኘዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋታችን ላለፈ እንግዳ «ይግቡ» በመጻፍ ያልቅ ነበር።

ቶሎሳን ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው። ከኢንተርኔት ቤቱ ፊት ለፊት ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ሲለጥፍ ውሎ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ይመጣል። ቤተሰቦቹ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ጎሮ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ አባቱ የሰፈሩ ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ገጹን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ገብቶም አልወጣም። አንድ አባል ታምሜ ተኛሁ ብሎ ቢጽፍ ሌላው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ያልፋል፤ ቶሎሳ ግን «የት ሆስፒታል?» ይላል፤ በማግሥቱ ብርቱካን ይዞ አልጋው አጠገብ ይገኛል። ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቁት ሕመምተኞች ይደነግጡ ነበር።

ሰብለ ደግሞ ከነባሮቹ ናት። ሃያ ሁለት ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ገጹን ከፍታ ትጫወታለች። ገርጂ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው አንድ ወንድም ነበራት፤ ቀልዶቿ ሁሉ ስለ እሱ ነበሩና ሳናየው እንወደው ነበር።

አንድ ጠዋት ታክሲ ጠፍቶ አርፍጄ ስገባ ይህን ከገጹ ራስ ላይ አገኘሁ፦ «ልቅሶ ነው። የሰብለ ወንድም ደቡብ አፍሪካ አርፏል። ቤታቸው ገርጂ ነው። ወዳጅ የሆነ ሁሉ ይድረስላት።» የጻፈው ቶሎሳ ነው። ከሥሩ አዲሶቹ ልጆች «ነፍስ ይማር» እያሉ ደርድረዋል።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል። ባለ ልቅሶው እራቱን ይብላ፣ እንቅልፉንም ይተኛ ይባላል። ማለዳ ደጋፊዎች ከበውት፣ አብረውት እያለቀሱ ነው የሚያረዱት። እኛም ገጹ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይነገር አይጻፍም የሚል ልማድ ነበረን። ግን ሁላችንም ስለምናውቀው የትም ቦታ አልጻፍነውም፤ ለአዲሶቹም የነገራቸው የለም። ሰውን «ይግቡ» ስንል ውስጥ ምን እንዳለ ማሳየት ረስተናል።

ወዲያው አጠፋሁት። እጄን ከቁልፉ ሳላነሣ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ የሰረዙትን አይቼዋለሁ» አለችኝ ሰብለ። ድምፅዋ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው። እንግዳ ቁልፍ ሲጠይቃት ሰማሁ፤ በእንግሊዝኛ በትሕትና መልሳለት ወደ እኔ ተመለሰች። «እውነት ነው?»

የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ውሸት ነው ለማለትም ድፍረት አጣሁ። መጣሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከጋሽ ንጉሤ ጋር በእግራችን ገሠገሥን። ስንደርስ ከመቀበያው ጀርባ ቆማለች፤ የደንብ ልብሷ ላይ ስሟ ተለጥፏል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጋሽ ንጉሤ ለአጎቷ ደወሉ። እውነት ነበር። ዘመዶቿ ትናንት ሰምተው፣ ለእሷና ለእናቷ በማግሥቱ ማለዳ ሊነግሩ ቆርጠዋል። እናቲቱ የልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ ሐኪም ዘመድ አብሮ እንዲገኝ ተነጋግረዋል። ዛሬውኑ ይነገር ማለት አይቻልም ነበር።

እኔ ቤት እደሪ ብላት እንቢ አለች። ካልገባሁ እናቴ ትጠረጥራለች አለችኝና የሥራ ሰዓቷን ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ማታ ሽሮ ሠርታ ከእናቷ ጋር ቀርባለች። እናትየው «ወንድምሽ ሰሞኑን ዝም አለ» ሲሏት፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላለች። ጎርሳለች፤ አጉርሳለች። ማለዳ ዘመዶቹ ገብተው ሲያረዱ እናቷን ደግፋ የያዘቻቸው እሷ ነበረች። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ዛሬም የሚያመኝ ይህ ነው።

ገጹ ላይ ነባሮቹ ተነሡ። ቶሎሳ ይባረር፣ ደጁም ይዘጋ፣ ከእንግዲህ ነባር ያልመሰከረለት ሰው አይግባ አሉ። ጋሽ ንጉሤንም ስለ እንግዳ ጠባይ ሊያስተምሩ ጀመሩ፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። እኔም ከልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። የአንድ ሰው ማታ እንደዚያ ሲሰበር አይቼ ስለ ደግነት ለማሰብ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ቶሎሳን ቢሮ ጠራነው። ዘይት የነካው ቱታውን እንኳ ሳይቀይር መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ወንበር ሲሰጡት አልቀመጥ አለ።

«ደንበኛዬ ሹፌር ነው፣ እዚያ ዘመድ አለው፣ እሱ ነው የነገረኝ» አለ። «እኛ ጋ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ እትዬ። ጎረቤት ሳይሰማ ቢቀር ነውሩ የነፊው ነው። ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ ነበር።»

ይህን ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። በልቤ የያዝኩት ቁጣም የሚያርፍበት አጣ። የቶሎሳ ሰዎች የሚሞቱት እዚያው በተወለዱበት፣ ዘመዶቻቸው አጠገብ ነበር። ሬሳው ቤት ውስጥ እያለ የሚደበቅ መርዶ የለም፤ የሚቀረው ሰው መጥራት ነው። ባሕር ተሻግሮ የሞተ ዘመድ አልነበራቸውምና ሞትን ደብቆ ማሳደርን ከየት ይማረው? ጋሽ ንጉሤ፣ ይህን የምትፈርደው ባለቤቲቱ ናት፣ ልቅሶዋን ትጨርስና እንጠይቃታለን አሉ። እስከዚያ ቶሎሳ ገጹ ላይ እንዳይጽፍ ነገሩት። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ግን ገርጂ እየሄደ አግዳሚ ይሸከም ነበር፤ ሰብለ ማንነቱን አላወቀችም።

ከአርባው በኋላ ጥቁሯን ለብሳ ቢሮ መጣች። ጋሽ ንጉሤ ነገሩን ሁሉ ምንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯት፤ ጥሩንባውንም አግዳሚውንም። የነባሮቹንም አሳብ አልደበቋትም። ሰብለ መሬት መሬት እያየች ሰማች።

«ይቅር ብዬዋለሁ ማለት አልችልም፣ ገና ነኝ» አለች። «ግን አይባረር። ከተባረረ ያቺን ማታ የማውቃት እኔ ብቻ እሆናለሁ። እዚሁ ይሁንና እሱም ይወቃት። ከእንግዲህ መርዶ ሲኖር እሱ ይያዘው።»

ደጁም አልተዘጋም። ሳይነገር አይጻፍም የሚለው ገጹ ራስ ላይ በትልቁ ተጻፈ። ሞት የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ለቶሎሳ በግል ይነግራል፤ እሱ ዘመድ ፈልጎ ያጣራል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሱቁን ዘግቶ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር ይሄዳል። ሲመለስ «ተነግሯል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ሰው ማልቀስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰብለ መጀመሪያ አታናግረውም ነበር፤ ኋላ ግን መልእክቶቹን የምታርምለት እሷ ሆነች።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኢንተርኔት ስልክ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የመጣው ሕዝብ ከቀድሞው ሁሉ ይበልጣል። «ይግቡ» ብሎ የሚዘልቀው አልነበረም፤ ጣታችን ደከመ። ፊደላችንን ያመጡልን ግን እነሱ ናቸው። እኛ ተማርን የምንለው በፈረንጅ ፊደል ስንኮላተፍ እነሱ በ«ሀ ሁ» ጻፉ፤ ገጹ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጊቶች መጻፍ ጀመሩ። ገጹ ራሱ ግን ወደ ትልልቆቹ መድረኮች ሰው እየፈለሰበት ከሰመ። መሐንዲሱ ሲዘጋው፣ ቶሎሳና ሰብለ የቀረነውን ሰብስበው ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈቱ፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው አገር ምድሩ የሚተራመስበት ሆነ። እኔ ኑሮዬን ለማሸነፍ የአንድ የቤት ዕቃ ሻጭ ድርጅት ደንበኞችን አስተያየት እያነበብኩ ጡረታዬ ላይ ደረስኩ። ሰው የሚሳደበው በማጠቢያ ማሽን ነው፤ ማስታረቅ ቀላል ነበር።

ጋሽ ንጉሤ አርጅተው አያት ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ታመው ሆስፒታል ገቡ። እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ የኔም ደም ግፊት አስቸግሮኝ ስለነበር ሲያዩኝ ስለ እኔ መድኃኒት ነበር የሚጠይቁኝ።

ሥራ መፍታት አይመቸኝም። አንድ አመሻሽ ላይ ቤቴ ተቀምጬ ግሩፑን ሳይ፣ አንዱ አዲስ ገቢ ሰላም ሳይል ዘው ብሎ ሲጽፍ አየሁና ደሜ ፈላ። ረጅም ወቀሳ ጻፍኩ። ድሮ ሰው «ቤቶች» ይል ነበር፣ እናንተ ግን ከየት እንደመጣችሁ እንጃ፣ ሰው ማክበር አታውቁም፣ ያቆየነውን ቤት አፈረሳችሁት አልኩ። እንዲህ ስል ሁልጊዜ ይቀልዱብኛል፤ የጽሕፈት መኪና ሥዕል ይልኩልኛል። ያን ቀን ግን «ልክ ነዎት እትዬ» አሉ። «እናስተካክላለን» አሉ። «ኑሩልን» አሉ። አንዱ የማላውቀው ልጅ «እትዬ፣ እራት በሉ?» አለኝ። ምን አገባው ብዬ ሳልመልስለት ቀረሁ። በጠቅላላው ግን ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ሰው ሆኑ ብዬ ክኒኔን ውጬ ተኛሁ።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ቶሎሳንና ሰብለን፣ ከኋላቸው የጋሽ ንጉሤን ልጅ፣ ጎረቤቴን ነርሷንም አየሁ። ቶሎሳ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ሰብለ ቀድማ ክንዴን ያዘችኝ። አባቴን ያን ዕለት ያጣሁ ያህል አለቀስኩ።

ከቀብር መልስ ሰው ቀለል ሲል ስልኬን ከፈትኩ። የቶሎሳ «ተነግሯል» ከላይ አለ፤ ከሥሩ ልቅሶው እንደ ጎርፍ ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ወቀሳዬን አየሁት። ጋሽ ንጉሤ ያረፉት እኔ ያን ከመጻፌ በፊት፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረ አንድ አዲስ አባል ለቶሎሳ ነግሮታል፤ ለእትዬ አስናቀች አልተነገራቸውም የሚለው ወሬ በውስጥ መስመር ለሁሉም ደርሷል። ጋሽ ንጉሤን አይተው የማያውቁ፣ ድምፃቸውንም ያልሰሙ ያ ሁሉ ሰው አንዲት ቃል ሳያወጣ አመሸ። እኔ ሰው ማክበር አታውቁም እያልኩ ስዘልፋቸው፣ እነሱ እራቴን በልቼ እስክተኛ እየጠበቁኝ ነበር።

ያን ልጅ ፈለግኩት። ስሙም ፎቶውም የእሱ አይመስለኝም፤ ከየት እንደሆነም አላውቅም። ጥያቄው ሥር «በልቼ ነበር ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጻፍኩለት።